የመሰላል ተራ

አራት ጎልማሶች ተሰብስበው ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት መኪና ገዙ። መቀመጫውን የቆጠሩት ከፈረሙ በኋላ ነው። ልጆች ሳሉ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ በአንድ የመኪና መሸጫ መስታወት ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው "አንድ ቀን" የተባባሉባት ዓይነት ስፖርት መኪና ነች፤ ለመሬት የቀረበች፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሞተሯ ሲነሳ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በደረት የሚገባ። በወጣትነታቸው በጋራ የያዟት ቁራሽ መሬት ዋጋ አወጣችና ያ አንድ ቀን ሳይታሰብ ከተፍ አለ። ያገቡትን ሚስቶቻቸው የሚያፈስ ጣሪያና የሚያድግ ልጅ እንዳለ አስታወሷቸው፤ እነሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። መኪናዋንም "ሙሽራዋ" ብለው ሰየሟት። ለአራት ወንድ አንድ ሙሽራ መሆኗ ለጊዜው ያሳሰበው ሰው አልነበረም።

ከአራቱ አንዱ የሊፍት ጠጋኝ ነው። የነገሩ ዳፋ በመጨረሻ የተረፈው ለእሱ ስለሆነ ከእሱ አጠገብ ብንሄድ ይሻላል። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አንድ አመል ግን አለው። ሊፍት ተበላሸ ተብሎ ሲጠራ ምን እንደተፈጠረ ነዋሪውን አይጠይቅም። ነዋሪ መቼም "እኔ ምንም አልነካሁም" ነው የሚለው። እሱ የገመዱን መላላት፣ የበሩን ሐዲድ ጭረት፣ የቁልፎቹን መፋቅ ያያል፤ ከዚያ ማን ምን እንዳደረገ ራሱ ይናገራል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ጉድ ያደረገው ይኸው ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል። ሦስተኛው የሒሳብ መምህር ነው፤ ለሁሉም ነገር ደንብ ካላወጣ እንቅልፍ አይወስደውም። አራተኛው ቀያሽ ነው፤ መሬት ሲለካ የሚውል፣ በየበሩ ጎንበስ ሳይል የማያልፍ ረጅምና ዝምተኛ ሰው። መሰላል ይሉታል። "ሊፍትና መሰላል እያለን እኛ በደረጃ የምንወጣው ለምንድን ነው?" የሚለው የፀጉር አስተካካዩ የዘወትር ቀልድ ነበር።

መሰላል ለሊፍት ጠጋኙ ከጓደኛም በላይ ነው፤ የአንድ እህቱ ባል ነው። እናትና አባታቸው በላይ በላዩ ሲሞቱባቸው ሊፍት ጠጋኙ ገና ፂም ያላበቀለ ጎረምሳ፣ እህቱ ደግሞ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ከራሷ የሚከብድ ልጅ ነበረች። ለዘመድ አልሰጥም ብሎ እሱው አሳደጋት። ፀጉር ማበጠር ተማረ፤ በወላጆች ስብሰባ ከእናቶች መሃል ገብቶ ተቀመጠ። እሷ ጋሼ ትለዋለች። ሚስትም ልጅም ሳይሆንለት ዕድሜው ስለገፋ፣ በዚህ ዓለም ላይ የኔ ነው የሚለው ሰው እሷን ብቻ ነበር። ለመሰላል ሲድራት እንኳ ከልቡ ደስ ያለው ሩቅ ሰው ስላልወሰዳት ነው።

መምህሩ ደንብ አወጣ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሳምንት፣ ተራው በየአራት ሳምንቱ ይዞራል። እሁድ ጠዋት ሙሽራዋ ታጥባ፣ ነዳጅ ሞልቶላት ለባለተራው ትሰጣለች። ከአራቱ በቀር መሪዋን ማንም አይነካም፤ ሚስትም ብትሆን ልጅም ቢሆን። አራቱም ካልተስማሙ አትሸጥም። ተረካቢው አይቶ እስኪጨርስም አስረካቢው ከአጠገቧ አይሄድም። ማደሪያዋም ሊፍት ጠጋኙ የሚሠራበት አንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ሆነ።

ከዚያ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በፀጉር ቤቱ ጓዳ ተሰብስበው ካርታ ይጫወቱ ነበር። ሙሽራዋ ከመጣች ወዲህ ባለተራው ይዟት ይጠፋል። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ጭረት ያተረፈባት ማን እንደሆነ ሲነታረኩ ካርታው ሳይታደል ይመሻል። ቀስ በቀስ ጨዋታው ቀረ። ቁልፍ ሲቀባበሉ ብቻ የሚገናኙ ሰዎች ሆኑ።

የሊፍት ጠጋኙ ተራ ከመሰላል ቀጥሎ ነው። አንድ እሁድ መኪናዋን ከሕንፃው ጥበቃ ተረክቦ ሊገባ ሲል ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተላተመ። የነጂው ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። መሰላል ሲነዳ ወንበሩን የቻለውን ያህል ወደ ኋላ ገፍቶትም እግሩ አይዘረጋለትም ነበር። የጎኑ ወንበር ደግሞ ወደ ኋላ ተለጥጦ እንደ አልጋ ተዘርግቷል። ውስጧ ሽቶ ሽቶ ይላል፤ ያውም አንድ ሁለቴ የተነፋ ሳይሆን የተርከፈከፈ። መሰላል በዕድሜው ሽቶ ተቀብቶ አያውቅም። ሊፍት ጠጋኙ በሩን ከፍቶ እንደያዘ፣ የተበላሸ ሊፍት እንደሚመረምር ሁሉ አንድ በአንድ አየው። መልሱም ወዲያው መጣለት፤ ሌላ ሴት አለች።

ለፀጉር አስተካካዩ ነገረው። ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን ፊቱ ጠቆረ። መሰላል እሱ ጋ ፀጉሩን ከተስተካከለ ቆይቷል፤ ሲያልፍም ኮፍያውን ደፍቶ፣ በሌላው አስፋልት ጥግ ነው። ሌላ ቦታ አሳምሮ መስተካከል ጀምሯል ማለት ነው። ለፀጉር አስተካካይ ከዚህ የባሰ ክህደት የለም። ከወንበሩ አቀማመጥ እንደተረዳው ሴትዮዋ አጭር ናት አለ፤ ወጣትም መሆን አለባት ብሎ ጨመረበት።

አጭር ሲባል የራሱ እህት ለምን አልታወሰችውም? እህቱ አጭር ናት። ግን እህቱ መሪ አትይዝም። እሱ ራሱ በሥራ መኪናው አስተምሯት፣ መንጃ ፈቃድ ባወጣች ሰሞን ከግንብ ጋር ተላትማ፣ ሁለተኛ አልነካም ብላ ምላ ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ በእሷ በኩል ዞር እንኳ አላለም።

በሚቀጥለው ዙርም ያው ሆነ፤ ወንበሩ ወደ ፊት፣ የጎኑ ተለጥጦ፣ ሽቶው ይባስ ብሎ። መሰላልን እንዳያፋጥጠው መሰላል አይገኝም። ደንቡን ጥሶ ቁልፉን ለጥበቃው ትቶ ይሄዳል፣ ሲደወልለት መስክ ላይ ነኝ ይላል። አንዴ ከሩቅ አየው፤ ከስቷል። ዘግይቶ የመጣ ፍቅር እያቃጠለው ነው ብሎ ደመደመ። እህቱን መጠየቅ ደግሞ አልሆነለትም። ባታውቅስ? ከእሱ አፍ ትስማ? ስለዚህ በተገናኙ ቁጥር ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ጎረቤት ጠብ እያወራ ያመሻል።

አንድ ረፋድ እሷ ራሷ ሥራ ቦታው ድረስ መጣች። እሱ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ጣሪያ ሥር፣ በሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኗል። ሊፍቱ ስለቆመ ያን ሁሉ ደረጃ በእግሯ ወጥታ፣ በሩን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ነው የወጣችው።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት" አለች። "ስለሱ ነው። እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር፣ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ።"

ሊፍት ጠጋኙ ደሙ ፈላ። ዓይኑን በጨው አጥቦ መማገጡ አንሶ ጭራሽ ሚስቱን ያስምላል ማለት ነው። ያንን ነገር ከአፏ ሲወጣ መስማት አልቻለም።

"አውቃለሁ" አላት። "ሁሉንም አውቃለሁ። መሐላሽን አታፍርሺ።"

"ታውቃለህ? ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆይቷል። አይዞሽ፣ እኔ አለሁ።"

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እጁ ግራሶ ስለነበር በክንዱ ብቻ ራሷን ወደ ደረቱ አስጠጋት። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። ስትወርድ እርምጃዋ ቀለል ያለ መሰለው፤ ሸክሟን የሚጋራት ሰው አግኝታ ነበርና። እሱ ደግሞ መፍቻውን ጨብጦ፣ መሰላልን ምን እንደሚያደርገው እያሰበ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ሦስቱ ፀጉር ቤት ተገናኙ። መምህሩ ደንብ የጣሰ ሰው ተራው ይታገዳል አለ። እንዲህ የሚል ደንብ አልነበረም፤ ለመምህሩ ግን ደንብ መውለድ ከባድ አይደለም። የሚደውለው ሊፍት ጠጋኙ ሆነ።

"የሚመጣው ተራ ያንተ አይደለም" አለው፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። "መሪዋን ለማን አሳልፈህ እንደሰጠህ ደርሰንበታል። እንዳትክደኝ።"

መሰላል መለሰ። ድምፁ የደከመ ነበር።

"አልክድም" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ብቻ እሷን እንዳትቆጣት።"

ሊፍት ጠጋኙ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። ለውሽማው ጭራሽ ይማለድላታል ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲብሰከሰክ ዋለ።

የመሰላል ሳምንት መጣ። ሙሽራዋ ምድር ቤት ውስጥ በሸራዋ ተሸፍና ሰነበተች። ማንም አልነዳትም፤ ሦስቱም አሸንፈው ሳለ ማናቸውም ደስ አላላቸውም። እህቱ መደወል አቆመች። ሊፍት ጠጋኙ ነገሩ ቤቷ ውስጥ እየተብላላ ነው፣ ሲበርድ ትመጣለች ብሎ ተወው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀትር ላይ ደወለች። "ሊፍቱ ቆሟል" አለች። የእሷም ሕንፃ ሊፍት በእሱ እጅ ነው። "ባለቤቴን ማውረድ አልቻልኩም።" ጋሼ አላለችውም።

የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ሄደ። ደረጃውን ሲወጣ ለመሰላል የሚለውን ስድብ በልቡ እየደረደረ ነበር። በሩ ክፍት ስለሆነ ዘልቆ ገባ። መሰላል ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ፀጉር የለውም፤ ቅንድብም የለውም። እግሮቹ ከሶፋው አልፈው በወንበር ተደግፈዋል። ክፍሉ መድኃኒትና ትውኪያ ይሸታል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ያ ሽቶ። ጠርሙሱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው፤ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። እህቱ ፎጣና ልብስ ወደ ቦርሳ እየከተተች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ታክሲ ታች እየጠበቀ ነው አለችው።

ሊፍት ጠጋኙ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። የደረደረው ስድብ ሁሉ ከአፉ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ መሰላልን አዘለው። ከባድ ሰው ለመሸከም ጉልበቱን አጠንክሮ ስለነበር፣ ጀርባው ላይ የወጣው ሰው ቀሎት ወደ ፊት ሊደፋ ለጥቂት ዳነ። እግሮቹ ብቻ እንደ ድሮው ረጅም ናቸው፤ ሲወርዱ ደረጃውን እየታከኩ ይጎተታሉ።

መሰላል ጆሮው ሥር ተነፈሰ። "ተቀይመኸኛል" አለ። "ደንቡን ማፍረሴን አውቃለሁ። እጄ እየደነዘዘ መሪ አልይዝ ቢለኝ ነው። እሷ ነች ስትነዳ የነበረችው።"

ሊፍት ጠጋኙ በደረጃው መሃል ቆመ። "ማን እሷ?"

"እህትህ ናታ። ሌላ ማን አለኝ?" መሰላል ትንሽ ሳቀ፣ ወይም ሳል ነበር። "ሕክምናው በየአራት ሳምንቱ ነው፣ ከተራዬ ጋር አስገጠምኩት። በሙሽራዋ ካልሆነ አልሄድም አልኳት፤ መጀመሪያ ቀልዴን ነበር። እየተንቀጠቀጠች ነዳች። ስንመለስ ስለሚያስመልሰኝ ወንበሩን ለጥጣ ታስተኛኛለች፣ እኔ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ እመጣለሁ። ውስጧን አበላሽቼባችሁ ከሆነ ይቅርታ። አጥባው፣ ሽቶም ረጭታበት ነበር።"

ሊፍት ጠጋኙ አንድ ደረጃ ወረደ፤ ሌላም ወረደ። ሊጠይቅ የፈራውን ነገር መጠየቅ ነበረበት። አሁን መጠየቅ ምን እንደሚያደርግለት ግን እሱም አላወቀም።

"ያለፈውንስ? ያለፈውን ሕክምና በምን ሄድክ?"

"አልሄድኩም። ታክሲ ልጥራ፣ አምቡላንስ ልጥራ ብላ ለመነችኝ። ደክሞኝ ነበር። ተራዬ ሲመለስ እሄዳለሁ አልኳት።"

"አጥብቀህ ያዘኝ" አለው ሊፍት ጠጋኙ። ከኋላ የእህቱ ነጠላ ጫማ እየተከተላቸው ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች።

መሰላል ከሆስፒታል አልተመለሰም። ያ ሕክምና ባይቋረጥ ይድን እንደነበር ሊፍት ጠጋኙ ሐኪሙን ሲጠይቀው፣ ይህን ማንም ማወቅ አይችልም አለው። አዎ ወይም አይደለም ቢለው ይሻለው ነበር። በቀብሩ ዕለት ፀጉር አስተካካዩ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መምህሩ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ እያለ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ይናገር ነበር።

ሰው ሲበተን ሊፍት ጠጋኙ እህቱን ለብቻዋ አገኛትና አንድ ሳያስቀር ነገራት። ወንበሩን፣ ሽቶውን፣ የጠረጠረውን፣ ፀጉር ቤት የተባባሉትን። መንገር ያለበት መስሎት ነው። እሷ እስኪጨርስ ሰማችው።

"አውቃለሁ ስትለኝ ሕመሙን ያወቅህ መስሎኝ ነበር" አለች። "ከዚያ መኪናዋን ስትነሳው፣ የታመመ ሰው ላይ እንዴት እንዲህ ይጨክናል ብዬ ሳምንቱን ሙሉ አለቀስኩ። ያሳደገኝ ሰው ነው፣ ያለ ምክንያት አያደርገውም ብዬ ምክንያት ስፈልግልህ ሰነበትኩ። ምክንያትህ ይሄ ነው? ያ ሰው ነው ውሽማ የሚይዘው?"

ባይነግራት ጨካኝ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ነግሯት ደግሞ የሞተውን ያዋረደ ሆነ። ከሁለቱ የቱ ይሻለው እንደነበር እስካሁን አያውቅም። እህቱ አልጮኸችበትም፣ አልሰደበችውም። ስልኩን ብቻ አታነሳም። ቤቷ ሲሄድ ጎረቤት ትከፍትለትና አሁን ገና ወጣች ትለዋለች፤ ኩሽና ውስጥ ዕቃ ሲንኳኳ እየሰማ ይመለሳል። አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያበቃት ልጅ በሕይወት ሳለች አጣት።

የመሰላል ድርሻ በሕግ ለእሷ ተላለፈ። ተራውን ትጠቀምበታለች ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። የመሰላል ሳምንት ሲደርስ ግን እሁድ ጠዋት ምድር ቤት መጥታ፣ የእሱ ተራ ነው ብላ ቁልፉን ከመምህሩ ተቀበለች። ሳምንቱ ሲያልቅም ደንቡ እንደሚለው አሳጥባ፣ ነዳጅ አስሞልታ ለቀጣዩ ባለተራ ልታስረክብ መለሰቻት። ቀጣዩ ባለተራ ወንድሟ ነው።

ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። እጁን ላለመንካት ከላይ ለቀቀችው።

"ጭረት የለባትም። ይዩዋት" አለች።

ይዩዋት። ዕድሜዋን ሙሉ አንተ ስትለው የኖረች ልጅ፣ እንደ ደንበኛ አንቱ አለችው። ደንቡ ተረካቢው አይቶ እስኪጨርስ አስረካቢው ይቆማል ስለሚል፣ እሷም ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ምሰሶው አጠገብ ቆመች። እሱ ከፊት መብራቱ ጀመረ።

ይህ በየዙሩ ሲደጋገም ቆይቶ ሰሞኑን ገዢ መጥቷል፤ ጥሩ ዋጋ ይሰጣል። መምህሩ እንድትሸጥ ይፈልጋል። ፀጉር አስተካካዩም እንደዚያው። እህቱም ሌሎቹ ከተስማሙ ትሸጥ ብላለች። የቀረው ሊፍት ጠጋኙ ብቻ ነው፤ አልሸጥም ብሎ ድርቅ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ ተቆጣው። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ነድተሃት አታውቅም፣ በተራህ ሳምንት ሸራ አልብሰህ ነው የምታስቀምጣት፣ ታዲያ ምን ታደርግልሃለች አለው። ሊፍት ጠጋኙ መኪናዋን እወዳታለሁ አለ።

በማግስቱ የመሰላል ሳምንት የሚያልቅበት እሁድ ነበር። እህቱ ቁልፉን መዳፉ ላይ ጥላ ምሰሶዋ አጠገብ ቆመች። እሱ የእጅ ባትሪውን አብርቶ በሩን፣ የበሩን ጠርዝ፣ የመስኮቱን ጎማ አየ። ተንበርክኮ የፊት ጎማዎቹን አየ። አንዲት ነጥብ ላይ ጣቱን እያሻሸ ቆየ፤ ምንም አልነበረም።

"አልጨረሱም?" አለች።

"ትንሽ ይቀረኛል" አለና ወደ ኋላው ጎማ ዞረ።